መንጃ ፈቃድ በስልክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መንጃ ፈቃድ ስልክ ውስጥ ገባ ሲባል ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንድ ነገር ላስቀድም፦ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የካርዴን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። እሱ ፎቶ ነው። ካርድዎ ሲጠፋ ቁጥሩን ለማስታወስ ይጠቅማል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ፎቶ ማንም ያነሳል፣ ማንም ስምና ቀን ቀይሮ ያቀናብራል።

ዲጂታል መንጃ ፈቃድ የሚባለው ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ወደ ስልክዎ የላከው መረጃ ነው። መረጃው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዲጂታል ፊርማ አለበት። ክብ ማኅተም ይበሉት፤ ልዩነቱ በቀለም ሳይሆን በሒሳብ የተመታ መሆኑ ነው። አንዲት ፊደል ከተነካች ማኅተሙ ይፈርሳል። መፍረሱን ግን ዓይን አያየውም፤ የሚያየው ማሽን ነው። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሁለት ዓይነት አለ። ብዙው ግርግር የሚነሳው ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው።

አንደኛው ለዓይን የተሠራ ነው። አፑን ሲከፍቱ ፎቶዎ፣ ስምዎና የመንጃ ፈቃድ ቁጥርዎ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ፖሊሱ አይቶ ያምናል። ስክሪንሾት አለመሆኑ እንዲታወቅ የሚንቀሳቀስ ምልክት ወይም በየጊዜው የሚቀያየር ኪውአር ኮድ ይጨመርበታል። ከቀደምቶቹ አፖች ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ።

ሁለተኛው ለማሽን የተሠራ ነው። በ2021 መስከረም ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ አይኤስኦ 18013-5 ይባላል። ስሙ አፍ ላይ አይያዝም፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ፖሊሱ የራሱ ማንበቢያ ይይዛል። ልዩ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ አፕ የተጫነበት ተራ ስልክም ሊሆን ይችላል። እርስዎ ኪውአር ኮድ ያሳያሉ፣ ወይም ስልክዎን ማንበቢያው ላይ ጠጋ ያደርጋሉ። በዚህ ሁለቱ ዕቃዎች ይተዋወቃሉ። ከዚያ ማንበቢያው ስም፣ ፎቶ፣ የተፈቀደልዎትን የተሽከርካሪ ዓይነት እንዲሰጡት ይጠይቃል። ምን ምን እንደተጠየቁ በስክሪንዎ ላይ ያነባሉ። በፊትዎ ወይም በአሻራዎ ሲፈቅዱ መረጃው ተመስጥሮ ይላካል፤ ብዙ ጊዜ በብሉቱዝ።

ማንበቢያው የደረሰውን ዝም ብሎ አያምንም። ፊርማው እውነት የመሥሪያ ቤቱ ነው ወይ? ከተፈረመ በኋላ የተነካ ነገር አለ ወይ? ደግሞስ ይህ መረጃ የተሰጠው ለዚህ ስልክ ነው ወይስ ከሌላ ስልክ የተገለበጠ ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ በጣም ብልህ ናት። ስልክዎ ውስጥ ፈጽሞ የማይወጣ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ማንበቢያው በእያንዳንዱ ጊዜ ስልኩ ያንን ቁልፍ መያዙን እንዲያሳይ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ሰው መረጃዎን እንዳለ ቢገለብጠው እንኳ የራሱ ስልክ ላይ አይሠራለትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሰው ነው። ፎቶዎ በፖሊሱ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ እሱም ፎቶውን ከፊትዎ ጋር ያስተያያል። የሚያየው የራሱን ስክሪን ነው፣ የእርስዎን አይደለም።

ኢንተርኔት ከሌለስ?

በአዲሱ መስፈርት የተሠራ ከሆነ ችግር የለም። የእርስዎም የፖሊሱም ስልክ ኔትወርክ ባይኖረው ይሠራል። ፊርማውን ለማጣራት የሚያስፈልገውን ነገር ማንበቢያው አስቀድሞ አውርዶ ይይዛል። እርስዎ ግን አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ማግኘት አለብዎት፤ የተፈረመው መረጃ ቀን አለው፣ መታደስ ይፈልጋል። ለዓይን የተሠሩት አፖች እንደየአሠራራቸው ይለያያሉ።

ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ስልኬን ልስጠው?

አይስጡት።

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያንገበግብ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ፕላስቲክ ካርድ ሲሰጡ የሚሰጡት ካርድ ነው። ስልክ ሲሰጡ ግን ፎቶዎን፣ መልእክትዎን፣ የባንክ አፕዎን፣ ከማን ጋር ስንት ሰዓት እንዳወሩ ጭምር ነው የሚሰጡት። ፖሊሱ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ስልኩን ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ከላይ ብቅ የምትለዋን መልእክት ሳይፈልግም ያነባታል። ያቺ መልእክት ደግሞ ሁሌም በማይሆን ሰዓት ነው የምትመጣው።

መስፈርቱን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበውበታል። ከላይ ያልኩት አሠራር ስልክ ከእጅ እንዳይወጣ ሆኖ ነው የተሠራው። ኪውአር ያሳያሉ፣ ይፈቅዳሉ፣ አለቀ። አንዳንድ ስልኮች ላይ ስልኩ ራሱ ሳይከፈት ነው ሁሉም የሚያልቀው።

ሕጉስ? እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ራይሊ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ግዛት ላይ ባቀረበው ክርክር ከባድ ውሳኔ ሰጥቷል። ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ ፖሊስ ያሰረውን ሰው ስልክ ለመበርበር በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል አሉ። ጉዳዩ ከመንጃ ፈቃድ ጋር አይገናኝም፤ ግን በስልክ ላይ ያለ መንጃ ፈቃድ ሲወራ ስሙ ሳይነሳ አይቀርም። በአንዳንድ ግዛቶችም ሕጉ ዲጂታል መንጃ ፈቃድ ማሳየት ስልክን ለማስፈተሽ እንደ መስማማት አይቆጠርም ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ጥበቃ ላይኖር ይችላል።

የግድ መስጠት ካለብዎት አንድ ዘዴ ልንገርዎት። አንድሮይድ ላይ አንድን አፕ ስክሪኑ ላይ የሚያስር ቅንብር አለ፤ አይፎን ላይ ደግሞ ጋይድድ አክሰስ ይባላል። ኮድ እንዲጠይቅ አድርገው ሲያበሩት ያለ ኮድዎ ከዚያ አፕ መውጣት አይቻልም። ቤትዎ ቁጭ ብለው አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክሩት። ፖሊስ መስኮት ላይ ቆሞ ቅንብር መፈለግ አያምርም።

ሌላም አለ። ሳይቆሙ፣ ሳይጠየቁ፣ ስልክ አይንኩ። እየነዱ ስልክ መያዝ በብዙ አገር ያስቀጣል፤ “መንጃ ፈቃዴን እያዘጋጀሁ ነበር” የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

ባትሪዬ ቢዘጋስ?

መንጃ ፈቃድ አልያዙም ማለት ነው። ተከራክሮ የሚረታበት መንገድ የለም።

ፎርጅድ ሊሠራበት አይችልም?

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ዓይነቶች ልዩነት የሚወጣው።

የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ዲጂታል መንጃ ፈቃዷን በግዛቷ በሙሉ የጀመረችው በ2019 ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ወደደው። የሚንቀሳቀስ ምልክት አለው፣ የሚታደስ ኪውአር ኮድ አለው፣ ከፕላስቲኩ ይልቅ ለማስመሰል ይከብዳል ተባለለት። በ2022 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ሲፈትሸው ሌላ ሆኖ ተገኘ። መረጃው ስልኩ ላይ የተቆለፈው በባለአራት አኃዝ ኮድ ነበር። አራት አኃዝ ማለት 10,000 አማራጭ ነው፤ ለኮምፒውተር ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የስልኩን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ወስዶ፣ ኮዱን ሰብሮ፣ ስሙን ወይም የልደት ቀኑን ቀይሮ መልሶ መጫን ይቻል ነበር። አፑ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለውን መረጃ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጋር አያመሳክርም ነበር። ስለዚህ የተቀየረውን መረጃ በኩራት ያሳይ ነበር፤ ምልክቱም እንደተለመደው ይንቀሳቀስ ነበር።

እንግዲህ “ማየት ማመን ነው” እንላለን። ስልክ ላይ ይህ አባባል አይሠራም። በዓይን ብቻ የሚታይ ነገር ሁሉ ሊኮረጅ ይችላል። ስክሪን ማለት የታዘዘውን የሚያሳይ መስታወት ነው። ምልክቱ ቢሽከረከር፣ ቀለሙ ቢቀያየር፣ ጎበዝ ልጅ አንድ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብሎ ተመሳሳዩን ይሠራዋል።

ፊርማው በማሽን ሲጣራ ግን ሌላ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ቁልፍ ያልያዘ ሰው ትክክለኛ ፊርማ ሊያወጣ አይችልም። ደካማው ጎን ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ማንበቢያ የሌለው ወይም ማንበቢያውን ለማውጣት የሰነፈ አጣሪ። “እሺ፣ አየሁት፣ ሂድ” ያለ ቀን የተለፋበት ፊርማ ሁሉ ከንቱ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ችግር ስልኩ ላይ ያለው አፕ አይደለም። አጣሪው እጅ ላይ የሌለው ማንበቢያ ነው።

ችኮላም ያስከፍላል። ጀርመን በ2021 መስከረም ላይ ዲጂታል መንጃ ፈቃድ የሚይዝ አፕ አወጣች። ሰርቨሩ ጭነቱን አልቻለም፤ የደኅንነት ባለሙያዎችም ጥያቄ አነሱ። በቀናት ውስጥ ከገበያ ወረደ።

ዕድሜዬን ብቻ አሳይቼ ሌላውን መደበቅ እችላለሁ?

በአዲሱ መስፈርት አዎ፣ እኔም ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ፕላስቲክ ካርድ መምረጥ አያውቅም። መጠጥ ቤት በር ላይ የቆመው ሰው ማወቅ የሚፈልገው 18 ወይም 21 ዓመት መሙላትዎን ብቻ ነው። ካርዱን ሲያሳዩት ግን ሙሉ ስምዎን፣ የልደት ቀንዎን፣ በብዙ አገርም የቤት አድራሻዎን ጭምር ያነባል። ለማያውቁት ሰው ማታ በር ላይ አድራሻ መስጠት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ዲጂታሉ ላይ እያንዳንዷ መረጃ ለብቻዋ ታሽጋለች። ስም አንድ ፖስታ፣ የልደት ቀን ሌላ ፖስታ፣ “ከ18 ዓመት በላይ ነው” የሚለው ራሱን የቻለ ፖስታ እንደማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚፈርመው የፖስታዎቹን መለያዎች ዝርዝር ነው። እርስዎ አንዱን ፖስታ ብቻ ሲከፍቱ አጣሪው ያ ፖስታ ከዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጣል፤ የሌሎቹን ይዘት ማየት አይችልም። የልደት ቀንዎ ሳይነገር ዕድሜዎ ይረጋገጣል።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ማሳየት እየቀለለ ሲሄድ ጠያቂው ይበዛል። ዛሬ መታወቂያ የማይጠይቅ ሱቅ ነገ “ንካና እለፍ” ሊል ይችላል። ስክሪንዎ ላይ የተጠየቁትን ዝርዝር ሳያነቡ “ፍቀድ” የሚለውን መጫን ከለመዱ ደግሞ፣ ፖስታዎቹ ለየብቻ መታሸጋቸው ምንም አይፈይድም።

የት የት እንዳሳየሁ መንግሥት ያውቃል?

እንደ አሠራሩ ነው። መረጃው ከስልክዎ በቀጥታ ወደ ማንበቢያው ከሄደ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሆኖም መስፈርቱ ሌላ አማራጭም ነበረው፤ ማንበቢያው ከስልክዎ ፈንታ ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር መረጃውን እንዲጠይቅ የሚያደርግ። በዚህ መንገድ ከሄደ መሥሪያ ቤቱ እርስዎ መቼና ለማን እንዳሳዩ ማወቅ ይችላል። የግላዊነት ተሟጋቾች ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ በ2025 ብዙ ባለሙያዎች የፈረሙበት መግለጫ ወጥቶበታል። አፕ ከመጫንዎ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ መረጃው የሚሄደው ከስልኬ ነው ከሰርቨር?

ስልኬ ቢሰረቅስ?

ከፕላስቲኩ ይሻላል እላለሁ። የጠፋ ካርድ ያገኘው ሰው ሁሉ ያነበዋል። የተቆለፈ ስልክ ግን ዝግ ነው። አፑም በላዩ የራሱ መቆለፊያ ይኖረዋል። ስልኩን ከሩቅ ይቆልፉት፣ ለሰጪው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ፣ አዲስ ስልክ ሲይዙ እንደገና ያስመዝግቡ። ኮድዎ 1234 ወይም የልደት ዓመትዎ ከሆነ ግን ይህን የተናገርኩትን ሁሉ ይርሱት።

ስልክ ስቀይር አብሮ ይዛወራል?

ብዙውን ጊዜ አይዛወርም። ያ ምስጢራዊ ቁልፍ ከአሮጌው ስልክ ስለማይወጣ አዲሱ ላይ ከዜሮ ይጀምራሉ። የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፦ ካርድዎን ፊትና ጀርባ በካሜራ ያነሳሉ፣ ሰልፊ ይነሳሉ፣ አንገትዎን ወዲህ ወዲያ ያዞራሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ከመዝገቡ ፎቶ ጋር አመሳክሮ ያጸድቃል። ለዚህ ፕላስቲኩ ያስፈልጋል። አሮጌውን ስልክ ከመሸጥዎ በፊት መንጃ ፈቃዱን ያጥፉበት።

መንጃ ፈቃዴ ቢታገድ ስልኬ ላይ ያለው ወዲያው ይጠፋል?

መሥሪያ ቤቱ ሊያጠፋው ወይም ሊቀይረው ይችላል፤ ይህን ፕላስቲክ ላይ ማድረግ አይችልም። ስልክዎን ኢንተርኔት ከከለከሉት ግን አሮጌው መረጃ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ ሊያሳይ ይችላል። ደስ አይበልዎ። ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥርዎን መዝገብ ላይም ያያል።

የትኞቹ አገሮች ጀምረውታል?

ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ነገር አልጀመሩም። ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ በ2018 የጀመረችው ሉዊዚያና ናት። አፕል ዋሌት በሚባለው የአይፎን ዲጂታል ቦርሳ ውስጥ መጀመሪያ ያስገባችው ደግሞ በ2022 መጋቢት አሪዞና ነበረች። ኖርዌይ በ2019፣ አይስላንድና ዴንማርክ በ2020፣ ደቡብ ኮሪያ በ2022፣ ፈረንሳይ በ2024 ለሕዝብ አቅርበዋል። ዩክሬን በ2020 ዲያ የተባለውን አፕ ስታወጣ መጀመሪያ ካስገባቻቸው ሰነዶች አንዱ መንጃ ፈቃድ ነበር። ሕንድ በ2018 ዲጂሎከር በሚባለው አፕ ውስጥ ያለ መንጃ ፈቃድ ከካርዱ እኩል ይቆጠር ብላ ክልሎቿን አሳስባለች።

የአውሮፓ ኅብረት በ2025 ባጸደቀው አዲስ ሕግ፣ እስከ 2030 ድረስ በሁሉም አባል አገሮች የሚሠራ አንድ ዓይነት ዲጂታል መንጃ ፈቃድ እንዲኖር ወስኗል። ካርድ የሚፈልግ ሰው ካርዱን የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ አንቀጽ ባትኖር ኖሮ እኔም ሕጉን ከሚቃወሙት ጋር እቆም ነበር። ስማርት ስልክ የሌለው ወይም የማይፈልግ ሰው መንዳት የሚችለው እንደ ሌላው ነው።

ሌላ አገር ሄጄ ብነዳበትስ?

አይሞክሩት። የኖርዌይ፣ የዴንማርክና የፈረንሳይ ዲጂታል መንጃ ፈቃዶች የሚያገለግሉት በየአገራቸው ውስጥ ነው። በ1949ኙ የጄኔቫ እና በ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድም እስካሁን የወረቀት ደብተር ነው፤ ከዋናው መንጃ ፈቃድ ጋር አብሮ ነው የሚታየው። መኪና አከራዮችም ብዙዎቹ ካርድ ካላዩ ቁልፍ አይሰጡም። ለመንገድ ሲነሱ ፕላስቲኩን ቦርሳዎ ውስጥ ያድርጉ።

አውሮፕላን ልሳፈርበት እችላለሁ?

አሜሪካ ውስጥ፣ ለአገር ውስጥ በረራ፣ በተወሰኑ አውሮፕላን ማረፊያዎችና ከተፈቀደላቸው ግዛቶች ለወጡት፣ አዎ። የመጀመሪያው በ2022 የፊኒክስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በፍተሻው ላይ የሚቀበለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ግን ተሳፋሪው ካርዱንም ይያዝ ይላል። ይህቺ ምክር ብቻዋን ብዙ ትናገራለች።

ታዲያ ፕላስቲኩን መች ልተወው?

ሁልጊዜ በሚነዱበት መንገድ ያለው ፖሊስ ማንበቢያ ሲይዝ። የራሱን ስክሪን ሳይሆን የእርስዎን ስክሪን እስካየ ድረስ ካርዱ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ።

ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ ያስጠላል። በሰልፊ ልቀይረው?

አይቻልም። ፎቶውም ተፈርሞበታል።